«ፊክስድ» የሚለው ቃል ብቻውን የልኬት ማስረጃ አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

የመሬት ቅየሳ ከስልክና ከታብሌት ጋር ከተጣመረ ወዲህ አንድ ቃል ከቀያሹ አልፎ ወደ ባለይዞታው፣ ወደ ተቋራጩና ወደ መዝገብ ክፍሉ ተሻግሯል። ቃሉ «ፊክስድ» ነው። ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ሲበራ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ክርክር ሲነሳም «መሣሪያው ፊክስድ ብሏል» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። እኛ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ግን ይህ መልስ እንደማይበቃ ስለምናውቅ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። ቃሉ የሚነግረን መሣሪያው ራሱ በሠራው ስሌት መርካቱን ብቻ ነው። እርማት የሚልከው ጣቢያ፣ ማለትም የቤዙ፣ ኮኦርዲኔት (የቦታ ቁጥር) ልክ መሆኑን፣ እርማቱ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ፣ መቀበያው የሚቆምበት ዘንግ፣ ማለትም የፖሉ፣ ቁመት በትክክል መግባቱን አይነግረንም። ኢንተርኔቱ ዛሬ እንደ ትራይፖዱና እንደ ፕሪዝሙ የመሣሪያው አካል ሆኗል። ስለዚህ እንደ እነሱ ሊፈተሽና ሊመዘገብ ይገባል።

ስልክ በራሱ የሳተላይት መቀበያ ሰማዩ ገላጣ በሆነ ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። መንገድ ለመፈለግ ይበቃል፤ የወሰን ችካል ለመትከል አይሆንም። የሴንቲ ሜትር ትክክለኛነት የሚገኘው ፖሉ ጫፍ ላይ ከተቀመጠው የሳተላይት መቀበያ፣ ማለትም ከሪሲቨሩ ነው። ይህ ሪሲቨር የሞገዱን ፌዝ፣ ማለትም ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበትን ቦታ፣ ይለካል፤ ነገር ግን በእሱና በሳተላይቱ መካከል ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ ለይቶ ለማወቅ ቦታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ ከቆመ ሌላ ሪሲቨር፣ ማለትም ከቤዙ፣ በየሰከንዱ መረጃ ሊደርሰው ይገባል። አርቲኬ የምንለው ይህን ነው፤ የሞገዱ ብዛት ሲለይ መሣሪያው «ፊክስድ» ይላል። ቀድሞ መረጃው የሚሄደው በሬዲዮ ነበር። የጀርመን ፌዴራል የካርቶግራፊና ጂኦዴሲ መሥሪያ ቤት ከአጋሮቹ ጋር ያዘጋጀው ኤንትሪፕ የተባለ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2004 ደረጃ ሆኖ ከወጣ በኋላ ግን ያው መረጃ በተራ የሞባይል ኢንተርኔት መሄድ ጀመረ። እዚህ ላይ የስልኩ ድርሻ ሁለት ነው። እርማቱን ከኢንተርኔት ተቀብሎ በብሉቱዝ ለሪሲቨሩ ያቀብላል፤ ሪሲቨሩ ያሰላውን ኮኦርዲኔት ደግሞ ተቀብሎ ይመዘግባል። ስህተት በሁለቱም በኩል ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ኔትወርኩ። «እዚህ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ አርቲኬ አይሠራም» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚላክ እርማት በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሜጋባይት ቢፈጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የአንድ አጭር ቪዲዮ ያህል ነው። ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ እንኳ ይሸከመዋል። ሥራውን የሚያበላሸው የፍጥነት ማነስ ሳይሆን መቆራረጡ ነው። ስልኩ በደካማ አራተኛ ትውልድና በጠንካራ ሦስተኛ ትውልድ መካከል ሲዋልል በእያንዳንዱ ሽግግር ግንኙነቱ ለሰከንዶች ይቋረጣል፤ አፕሊኬሽኑም ከካስተሩ፣ ማለትም እርማቱን ከሚያከፋፍለው ሰርቨር፣ ጋር እንደገና መተዋወቅ ይኖርበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ዝቅ ባለው ግን በማይቆራረጠው ኔትወርክ ላይ መቆለፍ ይሻላል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ሊታይ የሚገባው ቁጥር የእርማቱ ዕድሜ፣ ማለትም የመጨረሻው እርማት ከተሠራ ወዲህ ያለፈው ጊዜ፣ ነው። 1 ወይም 2 ሰከንድ ከሆነ መልካም ነው። 5 ሰከንድ ካለፈ ቆም ብሎ መጠበቅ፣ 10 ከደረሰ ነጥብ አለመያዝ ነው። አደጋው ሪሲቨሩ እርማቱ ከተቋረጠም በኋላ በቆየው መረጃ እየገመተ ለተወሰነ ጊዜ «ፊክስድ» ማለቱን መቀጠሉ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥል በሴቲንጉ ይወሰናል፤ እስከ 60 ሰከንድ ድረስ ተለቅቆ የተተወ መሣሪያ ብርቅ አይደለም። ይህን ገደብ ወደ 10 ሰከንድ ማውረድ ምንም ወጪ የለውም።

ግንኙነቱ ጭራሽ እንቢ ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ሪሲቨሩ ውስጥ የገባው ሲም ካርድ የፒን ቁጥር ይጠይቃል፤ ሪሲቨሩ ግን ፒን የሚያስገባበት ቁልፍ የለውም። ስለዚህ ሲሙን አስቀድሞ ስልክ ላይ ከቶ ፒኑን ማጥፋት ነው። የኤፒኤን፣ ማለትም ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት በር፣ ስም አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሲግናል ሞልቶ እየታየ ዳታ አይገባም። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ሪሲቨሩን የሚያዘው የእጅ መሣሪያ፣ በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ከሆነ ሆትስፖቱን በ2.4 ጊጋሄርዝ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በርካታ ኮንትሮለሮች 5 ጊጋሄርዙን አያዩትም። ለጥቂት ደቂቃ የሚጠቀምበት ሲጠፋ ሆትስፖቱ ራሱን የሚዘጋበትን ሴቲንግም ማጥፋት ነው። አንድሮይድ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ ያለውን አፕሊኬሽን ይገድላል፤ የቅየሳ አፕሊኬሽኑን ከዚህ ቁጠባ ነፃ ማድረግ ግድ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ስልክ ሲግል መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ በመጨረሻም ይጠፋል።

ከዚህ የሚከብደው ዳታው እየገባ ሪሲቨሩ «ሲንግል» (ያለ እርማት) ላይ ሲቆም ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው ማውንት ፖይንቱ፣ ማለትም ካስተሩ ላይ የሚመረጠው የእርማት ምንጭ፣ ነው። የኔትወርክ አገልግሎት፣ ማለትም ለተጠቃሚው አጠገቡ ያለ ምናባዊ ቤዝ የሚሠራለት ዓይነት ከሆነ፣ ስልኩ የራሱን ቦታ ጂጂኤ በተባለው መልእክት ወደ ካስተሩ መላክ አለበት። ካልላከ ካስተሩ ግንኙነቱን ይቀበላል፤ የሚረባ እርማት ግን አይልክም። ቀጥሎ የሚመረመረው የመልእክቱ ቋንቋ ነው። የቆየ ሪሲቨር 1004 እና 1012 የተባሉትን የአርቲሲኤም (የእርማት መላኪያ ደረጃ) መልእክቶች ያውቃል፤ አዲሶቹን 1074፣ 1084፣ 1094 እና 1124 ላይረዳ ይችላል። ሦስተኛ፣ የቤዙን ቦታ የሚናገረው 1005 ወይም 1006 መልእክት ከሌለ ሪሲቨሩ እርማቱን ከምን ጋር እንደሚያያይዝ አያውቅም። ይህ መልእክት ብዙ ጊዜ በየ10 ሰከንዱ ስለሚላክ ከተገናኙ በኋላ ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል።

የራሳቸውን ቤዝ የሚተክሉ ባልደረቦች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ቤዙ ውስጥ ሲም ካርድ ይከቱና ሮቨሩን፣ ማለትም ፖሉ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሪሲቨር፣ በቀጥታ በቤዙ የኢንተርኔት አድራሻ ሊያገናኙት ይሞክራሉ። አይሆንም። የሞባይል ድርጅቶች አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያካፍሉ፣ ሲም ካርድ ያለው መሣሪያ ወደ ውጭ መደወል ይችላል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አይቀበልም። መፍትሔው በመካከል የራሱ ቋሚ አድራሻ ያለው ካስተር ማስገባት ነው። ቤዙ እርማቱን ወደ ካስተሩ ይልካል፣ ሮቨሩም ከዚያው ይቀዳል፤ ሁለቱም ወደ ውጭ የሚሄዱ ስለሆነ የሚከለክላቸው የለም። የተለመደው ፖርት 2101 ነው።

አሁን ትልቁን ስህተት እንጥቀስ። ቤዝ ሲተከል አፕሊኬሽኑ «ያለህበትን ቦታ ልጠቀም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀያሹም እሺ ይላል። ቤዙ በዚያች ሰከንድ ያለ እርማት የገመተውን ቦታ እንደ እውነት ይዞ እርማት መላክ ይጀምራል። ግምቱ 2 ሜትር ከሳተ ሥራው ሁሉ 2 ሜትር ይንሸራተታል። ሮቨሩ ግን «ፊክስድ» ይላል፣ ትክክለኛነቱንም 1 ሴ.ሜ. ብሎ ያሳያል፤ በእርግጥም ከቤዙ አንጻር 1 ሴ.ሜ. ነው። ነገ ሌላ ቀያሽ ቤዙን በዚያው ነጥብ ላይ ተክሎ እንደገና «እሺ» ቢል ሌላ ኮኦርዲኔት ያገኛል፤ በአንድ ግቢ ላይም ሁለት የማይገጣጠሙ ካርታዎች ይወጣሉ። ቤዝ መተከል ያለበት ኮኦርዲኔቱ አስቀድሞ በታወቀ መቆጣጠሪያ ነጥብ ላይ ነው፤ ቁጥሩም በእጅ ይገባል። እንዲህ ያለ ነጥብ በአቅራቢያው ከሌለ ቤዙ ሥራው እስኪያልቅ ጥሬ መረጃውን ይቅዳ። ከዚያ ፋይሉን ወደ ራይኔክስ፣ ማለትም የየትኛውም ሪሲቨር መረጃ ወደሚጻፍበት የጋራ ቅርጽ፣ ቀይሮ በነፃ ለሚሠሩ የስሌት አገልግሎቶች መላክ ነው፤ የአውስትራሊያው አውስፖስና የካናዳው ሲኤስአርኤስ ፒፒፒ ከየትም የዓለም ክፍል የመጣ መረጃ ይቀበላሉ። አውስፖስ ቢያንስ 1 ሰዓት ይፈልጋል፤ 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የተገኘው ልዩነት በሁሉም ነጥቦች ላይ እኩል ይደመራል። ይህንንም ለመላክ የሞባይል ኢንተርኔት ይበቃል፤ በእኛ እምነት ስልክ ለቅየሳ ካበረከታቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነው።

ከቤዙ መራቅም ዋጋ ያስከፍላል። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች በመመሪያቸው ላይ አግድም 8 ሚ.ሜ. ሲደመር 1 ፒፒኤም (በ1 ኪ.ሜ. 1 ሚ.ሜ.)፣ ወደ ላይ 15 ሚ.ሜ. ሲደመር 1 ፒፒኤም ይላሉ። በ10 ኪ.ሜ. ርቀት ይህ 18 እና 25 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ በ30 ኪ.ሜ. ደግሞ 38 እና 45 ሚ.ሜ.። ይህም አየሩ ፀጥ ሲል ነው። በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች አዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር ላይኛው ንብርብር፣ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ እኩለ ሌሊት፣ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት አካባቢ፣ የሳተላይቱን ሞገድ ያንቀጠቅጠዋል። በዚያን ሰዓት ሪሲቨሩ ከ«ፊክስድ» ወደ «ፍሎት» (የሞገዱ ብዛት ገና ያልተለየበት ደረጃ) እየወረደ ቢያስቸግር ኔትወርኩን መርገም ትርፉ ድካም ነው፤ የቀረውን በማግስቱ ጠዋት መጨረስ ይሻላል።

ወደ ስልኩ እንመለስ። አንድሮይድ ላይ የሪሲቨሩ ቦታ የስልኩን ቦታ እንዲተካ በዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ የቦታ ምንጭ የሚሆነው አፕሊኬሽን መመረጥ አለበት። ብሉቱዙ ሲቋረጥ አንዳንድ አፕሊኬሽኖች ምንም ሳይናገሩ ወደ ስልኩ የራሱ መቀበያ ይመለሳሉ። ቀያሹ ፖሉን ይዞ ይቀጥላል፤ የሚመዘገበው ግን ኪሱ ውስጥ ወይም እጁ ላይ ያለው ስልክ ያለበት፣ ያውም በ4 ሜትር የሳተ ቦታ ነው። መከላከያው በእያንዳንዱ ነጥብ የጥራት ቁጥሩን አብሮ መመዝገብ ነው። በጂጂኤ መልእክት 1 ማለት ያለ እርማት፣ 2 የሜትር ደረጃ እርማት፣ 4 ፊክስድ፣ 5 ፍሎት ነው። ይህ ዓምድ የሌለው የነጥብ ዝርዝር ኋላ ላይ ሊመረመር አይችልም።

እዚያው መልእክት ውስጥ ጥቂቶች የሚያውቁት ሌላ ወጥመድ አለ። ኬንትሮስና ኬክሮስ የሚላኩት በዲግሪና በደቂቃ ነው። ከደቂቃው ነጥብ በኋላ 4 አሃዝ ብቻ የሚልክ ሪሲቨር አለ። የኬክሮስ አንድ ደቂቃ 1852 ሜትር ያህል ስለሆነ የመጨረሻው አሃዝ አንድ እርምጃ 18.5 ሴ.ሜ. ይዘላል። ሪሲቨሩ ውስጡ በ1 ሴ.ሜ. አስልቶ ስልኩ ግን እየተጠጋጋ ይቀበላል ማለት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ነጥቦቹ ካርታው ላይ እንደ ደረጃ ተሰልፈው ይታያሉ። ቢያንስ 6፣ ቢቻል 7 አሃዝ እንዲልክ ማስተካከል ይገባል።

ከፍታው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሳተላይት የሚሰጠው ከኤሊፕሶይድ፣ ማለትም ምድርን ከሚወክለው የሒሳብ ቅርጽ፣ በላይ ያለውን ከፍታ ነው፤ ለውኃ መስመርና ለመንገድ የምንፈልገው ከባሕር ወለል አንጻር ያለውን ነው። በመካከላቸው ያለው የጂኦይድ (የአማካይ ባሕር ወለል ቅርጽ) ልዩነት በአንዳንድ ቦታ በአሥር ሜትሮች ይቆጠራል። ሪሲቨሩ ልዩነቱን ቀንሶ ልኮ እያለ አፕሊኬሽኑ በራሱ ሞዴል እንደገና ከቀነሰ ከፍታው ሁለት ጊዜ ተስተካከለ ማለት ነው። ከፍታው በሚታወቅ ቤንችማርክ ላይ አንድ ጊዜ መቆም ይህን በአንድ ደቂቃ ያጋልጠዋል።

ሐሰተኛ ፊክስድም አለ። ዛፍ ሥር፣ ግድግዳ አጠገብ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ዳር ሞገዱ ተንጸባርቆ ይመጣና ሪሲቨሩ የሞገዱን ብዛት አሳስቶ ይቆጥራል፤ ስህተቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር እስከ ሜትር ይደርሳል። ስክሪኑ ላይ ከእውነተኛው የሚለየው ነገር የለም። ስለዚህ የወሰን ነጥብ ሁለት ጊዜ ይለካ። አንዴ ከለኩ በኋላ አርቲኬውን ከመጀመሪያው ማስነሳት፣ አዲስ ፊክስድ ሲመጣ እንደገና መለካት፣ ከተቻለም ሳተላይቶቹ ቦታ ቀይረው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሦስተኛ ጊዜ መውሰድ ነው። ልዩነቱ አግድም ከ3 ሴ.ሜ. ከበለጠ ከውጤቶቹ አንዱ ሐሰት ነው፤ አማካዩን መውሰድ ስህተቱን ይደብቃል እንጂ አያርመውም። ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ማታ ሲያበቃ ደግሞ በታወቀ ነጥብ ላይ መቆም አለበት። የተሳሳተ ማውንት ፖይንት፣ የተሳሳተ የካርታ ዞን፣ 2.000 ሜትር ሆኖ ሳለ 1.800 ተብሎ የገባ ፖል፣ ከልክ የወጣ የፖል አረፋ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይታያሉ። ባለ 2 ሜትር ፖል በ1 ዲግሪ ቢያዘነብል ጫፉ 3.5 ሴ.ሜ. ይሸሻል።

ስልክ አንግልና ርቀት ወደሚለካው ቶታል ስቴሽንም ገብቷል፤ እዚያ የሚያሳስተው ደግሞ የአየር ሁኔታ አፕሊኬሽን ነው። ቶታል ስቴሽን ርቀትን ለማረም የአየር ግፊትና ሙቀት ይጠይቃል። ቀያሹ ስልኩን ከፍቶ ግፊቱ 1015 ሄክቶፓስካል መሆኑን ያነባል፣ ያንኑ ያስገባል። አፕሊኬሽኑ የሚያሳየው ግን ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ግፊት ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው እውነተኛ ግፊት 795 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። ልዩነቱ 60 ፒፒኤም ገደማ ስህተት ያመጣል፤ ይህም በ1 ኪ.ሜ. 6 ሴ.ሜ. ነው። ስልኩ የራሱ ባሮሜትር ካለው የዚያን ሴንሰር ንባብ መውሰድ ይቻላል፤ ከሌለው የቦታውን ከፍታ አስገብቶ መሣሪያው ግፊቱን እንዲያሰላ ማድረግ ነው። የፕሪዝም ኮንስታንትም፣ ማለትም ጨረሩን መላሹ መስታወት የሚጠይቀው የርቀት ማስተካከያ፣ በመሣሪያውም በስልኩም ከገባ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በአንዱ ላይ ብቻ ይግባ፤ በሌላው 0 ይሁን።

በዚሁ አጋጣሚ ባለይዞታዎችን ብዙ ያጨቃጨቀ ነገር ብንጠቅስ ይጠቅማል። ስልኩ ከዩቲኤም (ምድርን በጠፍጣፋ ካርታ የሚያሳይ ሥርዓት) ኮኦርዲኔት ያሰላው ርቀትና መሬት ላይ በሜትር ገመድ የተለካው ርቀት አይገጥሙም፤ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው። በዩቲኤም ዞን መካከለኛ መስመር ላይ ስኬሉ 0.9996 ነው፤ ማለትም በ1 ኪ.ሜ. 40 ሴ.ሜ. ያሳጥራል። በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ በከፍታው ምክንያት ሌላ 31 ሴ.ሜ. ይጨመርበታል። ሁለቱ ሲደመሩ 50 ሜትር የሆነ የግቢ ጎን ስክሪኑ ላይ በ3.6 ሴ.ሜ. አጥሮ ይታያል፤ 1000 ካሬ ሜትር ቦታም 1.4 ካሬ ሜትር ያህል ይጎድለዋል። መሬት የወሰደበት ጎረቤት የለም። ሰነዱ ላይ ርቀቱ የግሪድ (የካርታ) ነው ወይስ የመሬት ላይ የሚለው ቢጻፍ ጭቅጭቁ አይነሳም።

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሥራ መቆም የለበትም። ቤዙና ሮቨሩ በሬዲዮ ይገናኛሉ፤ ሬዲዮው ግን የሥራ ፈቃድ ያለው ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋል፣ ኮረብታም ይጋርደዋል። ወይም ሁለቱም ጥሬ መረጃ ይቅዱና ማታ ይሰላ። የአውሮፓው የሳተላይት ሥርዓት ጋሊልዮ ከጃንዋሪ 24 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚያሠራጨው የከፍተኛ ትክክለኛነት አገልግሎት እርማቱን ከሳተላይት በቀጥታ ያወርዳል፤ ደረጃው ግን አግድም 20 ሴ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ ለእርሻ ካርታና ለመስመር ጥናት እንጂ ለከተማ ወሰን አይደለም። የሳተላይት ምስል አስቀድሞ ወደ ስልኩ ማውረድ ለአቅጣጫ ይረዳል፤ ምስሉ በሜትሮች ሊንሸራተት ስለሚችል ግን ከእሱ ላይ ወሰን መሳል ክልክል ሊሆን ይገባል።

ፋይል ሲላክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የነጥብ ፎቶ በመልእክት መለዋወጫ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ቦታና ሰዓት የያዘው መረጃም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ይላክ። ኤክሴል 001 የተባለውን ነጥብ 1፣ 3-4 የተባለውን ቀን ያደርገዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የነጥብ ኮድ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (የፊደላት ኮድ) ካልተከፈተ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራል፤ ስለዚህ ዋናው ጥሬ ፋይል ሳይነካ በቅጂው ላይ ይሠራ።

ልኬት የሚረከቡ ሁሉ፣ ባለይዞታም ሆነ ተቋራጭ ወይም መዝገብ ክፍል፣ ከኮኦርዲኔት ዝርዝሩ ጋር እነዚህን እንዲጠይቁ እንለምናለን፦ የቤዙ ወይም የማውንት ፖይንቱ ስም፣ ቤዙ ላይ የገባው ኮኦርዲኔትና ምንጩ፣ የኮኦርዲኔት ሥርዓቱና የጂኦይድ ሞዴሉ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ የጥራት ቁጥርና የእርማት ዕድሜ፣ የፖል ቁመት፣ ጠዋትና ማታ በታወቀው ነጥብ ላይ የተገኘው ልዩነት። ሁሉም ስልኩ ውስጥ አለ፤ ፋይሉ ሲወጣ ዓምዶቹን መምረጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከአክብሮት ጋር
በመስክ ቅየሳ ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች